ባለ ዋሻው ቴምብር

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ "አክስቴ፣ ጉድ በይ! ዋሻና ጉድጓድ ያለባቸውን ቴምብሮች ብቻ የሚሰበስብ ሰው አለ" አለችኝ። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። በዚህ ዕድሜዬ!

ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሶዶ ኦቶና ሰፈር እማማ አማረች የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። አንድ ልጃቸው ማርቆስ ለትምህርት ሃንጋሪ ሄዷል። እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የምጠራው እኔ ነበርኩ። አማርኛውን እያነበብኩ በወላይትኛ እነግራቸዋለሁ። ትኩስ ጎደሬ በዳጣ ያቀርቡልኝ ነበር፤ ያም ሆኖ ይሰለቸኛል። በተለይ ሦስቴ "ድገሚልኝ" ሲሉኝ!

አንድ ቀን ፖስታው ላይ ያለውን ቴምብር በጣታቸው እየነኩ፣ "ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?" አሉኝ። ከላይ ድንጋይ የተንጠለጠለበት የዋሻ ሥዕል ነበር።

"የማርቆስ መኝታ ቤት ነዋ!" አልኳቸው።

በራሴ ቀልድ ሳቅኩ። እሳቸው ቴምብሩን አተኩረው አዩት። እኔም ጎደሬዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ክረምት ገባ። ሌላ ደብዳቤ መጥቶ ጠዋት ስሄድ አልጋቸው እንደተነጠፈ ነው። እሳቸው እርጥብ መሬት ላይ ከተዘረጋ ሰሌን ለመነሳት ጉልበታቸውን ይዘው ያቃስታሉ።

"ምነው እማማ?"

"ልጄ ድንጋይ ላይ እየተኛ እኔ ፍራሽ ላይ ልተኛ?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ቀልዴን እኮ ነው፤ ይማሩኝ!" አልኳቸው። ፖስታውን ቀድጄ፣ ክፍሉ ሞቃት እንደሆነ፣ አንሶላ በየሳምንቱ እንደሚቀየርለት አነበብኩላቸው። ራሴን ዳበስ አድርገው፣ "እንዳላዝን ብለሽ ነው የኔ ልጅ፤ ጌታ ይባርክሽ" አሉኝ። ሌላ ሰው ያንብብልዎት ብላቸውም፣ "ሁላችሁም ታዝኑልኛላችሁ" አሉ።

ክፉውን ወዲያው አመኑኝ፤ እውነቱን ግን አንድም ቀን አላመኑኝም። ከዚያ ወዲያ ያነበብኩላቸውን ደግ ወሬ ሁሉ እኔ የፈጠርኩት መሰላቸው። ማርቆስ ሳይመለስ፣ እዚያው ሰሌን ላይ አረፉ።

ለልቅሶ ሲደርስ፣ "ደብዳቤዎቼ ደስ ይሏት ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

"በጣም!" አልኩት።

ዛሬ እዚሁ ሶዶ የልጆች አባት ነው። በየበዓሉ ይደውልልኛል። "እናቴን ያጽናናሻት አንቺ ነሽ፤ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ" ይለኛል። ስንት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቻለሁ። የሚወጣኝ ግን "አሜን" ብቻ ነው።