በበዓል ቀን የተፈቱት በሬዎች

ይህን ለመጻፍ በእጄ ያሉኝ ምንጮች አራት ናቸው፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የመጀመሪያው የራሴ ትዝታ ነው፤ ዕድሜዬ ከሰባ አምስት ስላለፈ ለብቻው ቀርቦ ቢመሰክር እኔም አላምነውም። ሁለተኛው በእስቴ መካነ ኢየሱስ ርእሰ መምህር ሳለሁ የቀሪ ተማሪዎችን ጉዳይ የምጽፍበት ደብተር ነው፤ ግማሹን አይጥ በልቶታል። ሦስተኛውና አራተኛው ልጄና የልጄ የልጅነት ባልንጀራ ናቸው፤ የማይስማሙትም እነሱ ናቸው። ታሪክ ሳስተምር «በነገሩ የተነካ ሰው ብቻውን ምስክር አይሆንም» እል ነበር። እዚህ ግን በነገሩ ሳይነካ የተረፈ ሰው የለም።

የምጽፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከአሥራ ሰባት ወይም ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት አንድ ልጅ፣ አልሠራሁትም ባለው ጥፋት፣ ድንጋይ ተሸክሞ ባልንጀራውን ይቅርታ ጠየቀ። አስታራቂው ሽማግሌ እኔ ነበርኩ። ጥፋተኛውም እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በዚያን ጊዜ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ሴት የከፈተችው ጌም ቤት ነበር፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የጨዋታ መሣሪያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ልጆቹ ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት የእርሻ ጨዋታውን ነበር። ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ይታረማል፣ ይታጨዳል፣ ከብት ውኃ ይጠጣል። ቤታቸው ይህንኑ ሥሩ ሲባሉ የሚሰወሩ ልጆች፣ ይህንኑ ለመሥራት ወረፋ ይጠብቁ ነበር።

ጨዋታው ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ በሬ ብቻ ይሰጣል። የሠሩት ሰዎች ለምን እንዲህ እንዳደረጉ አላውቅም፤ የእኛ ልጆች ግን ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። በአገራችን አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ልጄና ባልንጀራውም ተቀናጁ፤ «መቀናጆዬ» እየተባባሉ ይጠራሩ ጀመር። አንድ ዓመት ያህል አረሱ። ጎተራችን ስድስት ደርሶ ነበር ይላል ልጄ፤ ባልንጀራው አራት ይላል።

አንድ ቀን ልጄ ተራው ደርሶ ሲከፍት ጎተራም አዝመራም አልነበረም። እርሻው ጠፍ መሬት ሆኗል። ባለፈው ቀን በመጨረሻ መሣሪያው ላይ ተቀምጦ የታየው ባልንጀራው ነበር። ልጄ «አጠፋህብኝ» አለ። ባልንጀራው «አልነካሁም» አለ፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ሁለት ወር ያህል ሳይነጋገሩ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ።

በመጨረሻ ሁለቱንም ቤቴ አስጠርቼ ሸመገልኩ። የባልንጀራውን ዝምታ እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት። ልጆች ሥርዓቱን አውቀው ቢያድጉ መልካም ነው በሚል ሐሳብም ከግቢዬ ድንጋይ አስመርጬ አሸከምኩት። አንገቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ልጄ አወረደለት፤ ታረቁ ተባለ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ሌላ ነገር ግን አልነበረም። መቀናጆነቱ ፈርሷል። በዚያን ሰሞን ስለ ሽምግልና ችሎታዬ የነበረኝን አስተያየት እዚህ ባልጽፍ ይሻላል።

የጨዋታው ሁለተኛ ክፍል ይወጣል መባል የተጀመረው ልጆቹ ጢም ሳያበቅሉ ነው። ዘንድሮ ይወጣል ይባላል፤ ለከርሞ ይተላለፋል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወጣ፣ የፊዚክስ መምህር ሆነ፣ አገባ፣ ሁለት ልጆች ወለደ። ባልንጀራው የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፈተ። እኔ ጡረታ ወጣሁ። በእነሱ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ቶሎ የማይሆን ነገር ሲሰሙ «ከወገዳ አስፋልትና ከሁለተኛው ክፍል የቱ ይቀድማል?» ይሉ ነበር፤ የወገዳ መንገድም በየዓመቱ አስፋልት ይሆናል የሚባል ነው። ሁለተኛው ክፍል ቀደመ።

«አባባ፣ ወጥቷል» አለኝ ልጄ አንድ ቅዳሜ ጧት።

«ምኑ?»

«ሁለተኛው ክፍል። እሱ ዘንድ አለ።» ስሙን አልጠራም።

«ታዲያ ሂዳ።»

«ለሁለት ነው የሚጫወቱት። እንዴት ብዬ ነው ብቻዬን የምሄደው?»

የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው እርሻ ለመጫወት በአባቱ አማላጅነት ሲሄድ አላየሁም ነበር። ጋቢዬን ደርቤ ተነሣሁ።

ባልንጀራው ሱቁ በር ላይ ተቀበለን። «መምህር፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ወደ ልጄ ዞሮ ደግሞ፣ «በሬህን ይዘህ መጣህ?» አለው።

«ይዣለሁ። ሳላስቆጥር ግን አልሰጥህም።»

«ቁጠር። አንተ ጎተራ እንኳ ስትቆጥር ሁለት ትጨምራለህ።»

«ስድስት ነበር።»

«አራት ነበር። ድንጋዩን ግን የተሸከምኩት ለስድስት ነው።»

ቀልድ ይመስል ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ሙዚቃው ሲጀምር ሁለቱም እጃቸውን አሳረፉ።

«ያው ዜማ ነው» አለ ልጄ።

«ያው ነው። ዋሽንቱን ብቻ አጥርተውታል።»

መንደሩም ያው መንደር፣ ጉድጓዱም ያው ጉድጓድ እንደሆነ ነገሩኝ። የመንደሩ ሰዎች ንግግር ከሥር በጽሑፍ ይወጣል፤ ገና በመግቢያው ሦስት ጊዜ «ታስታውሳለህ?» ብለው ሲጠይቁ ቆጥሬያለሁ። በልጅነቴ ስማዳ ቅኔ ቤት ሳለሁ፣ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ የደገመ ተማሪ መሳቂያ ይሆን ነበር። ከዚያ ቀደም በነበርኩበት ዜማ ቤት ደግሞ አንዲት ምልክት የለወጠ ተማሪ ይገሠጽ ነበር። ይህ ጨዋታ በቅኔ ቤት ሕግ ሊዳኝ ይገባል ወይስ በዜማ ቤት እያልኩ ሳስብ፣ ሙዚቃው ዝግ አለና አንድ ሥዕል መጣ። ሁለት በሬዎች ከጉድጓዱ አጠገብ ለምለም ሣር ላይ ይግጣሉ። ቀንበር የላቸውም።

«ይህን አይቻለሁ» አልኩ።

«የት?» አለ ልጄ።

«በድሮው።»

«አባባ፣ በድሮው ሊያዩት አይችሉም። ይህ የሚመጣው ጨዋታው ከዜሮ ሲጀመር ብቻ ነው። እኛም ያየነው አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀን ነው።»

ባልንጀራው ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ያስታወስኩትን፣ ወይም ያስታወስኩ የመሰለኝን፣ ነገርኳቸው። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የሚካኤል ዕለት ነበር። ከትምህርት የቀሩትን ልጆች ፍለጋ ጌም ቤት ገባሁ። አግዳሚዎቹ ባዶ ነበሩ፤ ቴሌቪዥኑ ግን በርቷል። በሬዎቹ ተጠምደው ትልም መካከል ቆመዋል። በሚካኤል ቀን በሬ ተጠምዶ መቆሙ ደስ አላለኝም። ነገሩ ሥዕል መሆኑን አውቅ ነበር፤ ተምሬያለሁ። ቢሆንም ተቀምጬ እስኪፈቱ ድረስ ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ ተጫንኩ። አንድ ጥያቄ ይመጣል፣ እጫናለሁ፤ ሌላ ይመጣል፣ እጫናለሁ። በኋላ በሬዎቹ ተፈትተው ሣር ሲግጡ አየሁ። በዓሉ እንደ ተከበረ ቆጥሬ ረክቼ ወጣሁ።

«አባባ፣ እንግሊዝኛ ያነቡ የለም እንዴ? ‹የድሮው እርሻ ይጥፋ ወይ?› እያለ እኮ ነው የሚጠይቀው» አለ ልጄ።

«አነባለሁ። ያን ዕለት ግን ዐይኔ በሬዎቹ ላይ ነበር።»

ባልንጀራው ወደ እኔ ዞሮ፣ «በጓሮ በር የወጣነው እኮ እርስዎ ሲመጡ አይተን ነው» አለ። «እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። እንደ ተጠመዱ ትቻቸው ሮጥኩ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? በትምህርት ሰዓት ጌም ቤት ነበርኩ ብዬ፣ ለርእሰ መምህሩ? ከሳሹ ልጅዎ፣ ዳኛው እርስዎ። ድንጋዩ ቀለለኝ።»

የሱቁን በር ነፋስ እንዳይዘጋው የሚደገፍበት ድንጋይ ነበር። ተነሥቼ አነሣሁትና አንገቴ ላይ አደረግሁት። ሁለቱም ዘለው መጡ።

«ኧረ መምህር! ነውር ነው! ይተው!»

«ይቅር በለኝ ልጄ» አልኩት ባለ ሱቁን።

«ይቅር ለእግዚአብሔር! ይቅር ብያለሁ! ያውርዱት በቃ፣ ወገብዎን!» ብሎ ነጠቀኝ። ድንጋዩን በእጁ እየመዘነ፣ «የኔ ከዚህ ይከብድ ነበር» አለ።

«ግማሹንም አያክል» አለ ልጄ።

«አንተ ዝም በል። ና፣ ጎንበስ በል።»

ልጄ ጎንበስ አለ። ባልንጀራው ድንጋዩን አንገቱ ላይ አስቀመጠና ወደ ወንበሩ ተመልሶ ሙዚቃውን ከመጀመሪያው ከፈተው። ዋሽንቱ እስኪያልቅ ድረስ አላወረደለትም። ካወረደለት በኋላ፣ «ተቀመጥ እንግዲህ፣ መቀናጆዬ» አለው፤ ጠመዱ። አንድ ጊዜ አርሰው ወዲያው ሲዘሩ አየሁ፤ ይህን ያህል ዓመት ተጠብቆ እርሻው ሳይደገም መዘራቱን እንደ ጉድለት መዝግቤዋለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ያርሳሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎተራ ሠርተዋል፤ በቁጥሩ እስካሁን ይስማማሉ።

እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ፈለግሁ። አይጥ ካልበላው ክፍል ውስጥ ይህን አገኘሁ፦ «ሚካኤል። ጌም ቤት ሄድኩ። ማንንም አላገኘሁም።» ስለ በሬ የተጻፈ የለም። ዛሬ ባሕር ዳር የምትኖረውን የጌም ቤቱን ባለቤት በስልክ ጠየቅሁ። «ልጆቹ በጓሮ በር ሲሮጡ ትዝ ይለኛል፤ እኔም አብሬያቸው ወጥቻለሁ» አለች። ስለዚህ እዚያ መግባቴ የተረጋገጠ ነው፤ ውስጥ ያደረግሁት ግን የሚታወቀው በእኔ ቃል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። በእኔ ትዝታ ከተፈቱት በሬዎች አንዱ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ቦቃ ነው። በሁለተኛው ክፍል ሁለቱም ንጹሕ ቀይ ናቸው። በድሮው ጨዋታ ቦቃ በሬ ከነበረ፣ ትዝታዬን ያመጣሁት ከጌም ቤቱ ነው። ካልነበረ ግን ያን ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ፣ ሥዕሉን እያየሁ የፈጠርኩት ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩንም የተሸከምኩት በማይገባኝ ነው። ልጄ ሁለቱም ቀይ ነበሩ ይላል። ባልንጀራው አንዱ ቦቃ ነበር ይላል፤ የእሱ በሬ ነበርና ያውቃል ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን ይህን የሚለው ለእኔ አዝኖ እንደሆነ ጠረጠርኩ። የድሮው መሣሪያ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።