ያልደፈረሰው ፕራይመሪ

ባለፈው ሳምንት ኮተቤ በምማርበት ኮሌጅ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ፈተና ነበረን። ስም ያልተጻፈባቸው ሦስት ጠርሙስ አልኮሎችን በአሲድ አልካይል ክሎራይድ ወደሚባል ውሁድ እየቀየርን የአልኮሉን ዓይነት መለየት ነው፤ ወዲያው የሚደፈርሰው ተርሸሪ፣ ቆየት ብሎ የሚደፈርሰው ሰከንደሪ፣ ጨርሶ የማይደፈርሰው ፕራይመሪ።

ከመደርደሪያው ሦስት ጠርሙስ አነሳሁ። የመጀመሪያው አሲዱ ሲነካው ወተት መሰለ። ልቤ ዘለለ! ሁለተኛው ጥቂት አስጠብቆኝ ደፈረሰ። ሦስተኛውን ብጠብቅ ብጠብቅ ወይ ፍንክች! እጄን አውጥቼ «ቲቸር፣ ይሄ ፕራይመሪ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ቲቸር መጥተው አዩና «ጎበዝ! አሥር ከአሥር!» ብለው ጻፉልኝ።

በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ። ይሄኔ ላቦራቶሪውን የሚያጸዱት እትዬ አስካለ ገቡ። ሦስተኛውን ጠርሙስ ብድግ አድርገው፣

«በስመ አብ! ጠዋት ከእንጦጦ የቀዳሁትን ጠበል ማነው የከፈተብኝ?»