በአማት ፊት መጋደም

ሰሞኑን አንድ ሐኪም ስለማይለቅ የወገብ ሕመም በሬዲዮ ሲናገር ሰማሁ። አጥንቱ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ሰው በጭንቀት ብቻ የጀርባውን ጡንቻ ሳያውቀው ወጥሮ ይውላል፤ አልላላ ያለ ጡንቻ ደግሞ ማመሙ አይቀርም አለ። ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ ይህን የተማርኩት በንጉሡ ዘመን፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ አማቴ ቤት ነው።

ከደብረ ብርሃን ብርድ ተድሬ ድሬዳዋ ስገባ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ባለቤቴ የባቡር መካኒክ ነበር፤ የምንኖረውም ከእናቱ ከእማማ ዘነበች ጋር። ከተማዋን ወዲያው ወደድኳት፤ ፓፓያውን፣ የዛፎቹን ጥላ፣ ማታ ማታ ደጅ ተቀምጦ መጫወቱን። ብዙም ሳልቆይ ግን ወገቤ ያዘኝ። ውሃ መሸከሙ ነው ተባለና ከቦኖ መቅዳት ተከለከልኩ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ወጌሻውም አሽቶኝ አጥንቷ ምንም አልሆነም ብሎ ሄደ። በመጨረሻ ባለቤቴ እናትሽ ዘንድ ሄደሽ ጠበል ሞክሪ አለኝ። ታማ ወደ ወላጆቿ የተመለሰች ሙሽራ ስንቴ ስትረሳ አይቻለሁና ትዳሬ አለቀ ብዬ አለቀስኩ።

ድሬ ከምሳ በኋላ ሰው አይገኝም። ፀሐዩ እስኪበርድ ሁሉም ሰሌን አንጥፎ ጋደም ይላል። እማማም ስስ ሽቲያቸውን ለብሰው ዘርጋ ይሉ ነበር። እኔ ታዲያ ግድግዳውን እንኳ ሳልደገፍ፣ ጉልበቴን ገጥሜ እግራቸው ሥር እቀመጣለሁ። ቢነቁስ፣ ቢያዙኝስ፣ ቢታዘቡኝስ እያልኩ።

ሻንጣዬን ባሰርኩበት ቀን እማማ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ትክ ብለው አዩኝ።

«አቦ አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው የምትጠብቂኝ? ሰሌናችንን ተጸይፈሽ መስሎኝ ስንት ቀን ከፋኝ።»

«በእርስዎ ፊት እንዴት ብዬ ልጋደም?» አልኩ።

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ትራሳቸውን ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ተኚ። በዚህ ሙቀት ቁጭ የሚለው እንግዳ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ እንደ ግንድ ደርቄ ተጋደምኩ። ቀስ በቀስ ትከሻዬ ወረደ፣ ወገቤም ሰሌኑን ነካ። ስነቃ መሽቶ፣ እራቱም ተሠርቶ ነበር። ሻንጣው ተፈታ። ሕመሙ በአንድ ቀን አልሄደም፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን ውሃ ወደ መቅዳቴ ተመለስኩ።

አሁን እኔም አማት ነኝ። ባለፈው እሁድ የልጄ ሚስት ሶፋዬ ላይ እግሯን ዘርግታ ስታንኮራፋ ጎረቤቴ አይታ ድፍረቷን ታዘበች። እኔ መጋረጃውን ሳብኩላት። በሕይወቴ ከተመሰገንኩት ሁሉ ያ ማንኮራፋት ይበልጥብኛል።