ውሃ የፈራሁበት ዘመን

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ አልመለስም ብዬ ነው ጉባኤው ፊት የቆምኩት። ነገሩ በአደባባይ የማይወራ የሴት ጉዳይ ነው። አባቶች ይቅር በሉኝ፤ እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ይበቃኛል። ስሙ ይባረክ!

አገሬ ከአማኑኤል ከተማ ወረድ ብሎ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ ክረምት ነበር፤ በጭቃው የተነሳ አምቡላንሱ መግባት አልቻለም። ምጡ ቆይቶ ልጁ አልወጣ ሲል የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሱኝ። ሆስፒታል ስንገባ ልጄ ሞቶ ነበር። እኔ ተረፍኩ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ሽንቴ አልቆም አለ። ስተኛም ስነሳም ይፈሳል። ባሌ መጀመሪያ ታግሶኝ ነበር፤ ኋላ ግን "እናትሽ ዘንድ ሄደሽ ታከሚ" ብሎ ላከኝ። ሊጠይቀኝም አልመጣም።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ውሃ መጠጣት ተውኩ! ካልጠጣሁ አይፈስም ብዬ። ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ፤ ሽንቴ ግን እየሸተተ፣ ገላዬን እያቃጠለ መፍሰሱን ቀጠለ። እናቴ ጣሳውን ይዛ "አንቺ ልጅ፣ በውሃ ጥም ልትሞቺብኝ ነው?" እያለች ታለቅስ ነበር። ያላስገባችኝ ጠበል፣ ያልተሳለችው ስለት የለም። ዛሬም ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔም እወዳታለሁ። የጤና ኤክስቴንሽኗ "ፊስቱላ ነው፤ በኦፕራሲዮን ይድናል" ስትላት እጄን ጎትታ ሆስፒታል የወሰደችኝ እሷ ናት።

ሐኪሙ መርምረውኝ "ምጡ ሲቆይ የልጁ ጭንቅላት ተጭኖት የሽንት ፊኛሽ ተቀዷል፤ እንሰፋዋለን" አሉኝ።

"እርግማን አይደለም?" አልኳቸው።

"ቁስል ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

የአልጋ ጎረቤቴ ጥሩወርቅ የምትባል የወንጌል አማኝ ነበረች። የእሷ የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን አልያዘም፤ ሁለተኛውን እየጠበቀች ነው። የረጠበ አንሶላዋን እየሰበሰበች "ጌታ ሆይ፣ ተመስገን" ትላለች! እኔ ተናደድኩ።

"ምን ስላደረገልሽ ነው?" አልኳት።

"ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ እሱ አጠገቤ ነው። ለሱ አልሸተትኩትም" አለችኝ።

ሃሌ ሉያ! እኔም ይህን ጌታ እፈልጋለሁ አልኩ። እጄን ይዛ ጸለየችልኝ፤ ልቤን ሰጠሁት። ገና ሳልድን እኮ ነው፣ ቅዱሳን!

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የምሸናው በቱቦ ነበር። ቱቦው የወጣ ጠዋት ነርሷ አንድ ጆግ ውሃ አስቀምጣ "ጠጪ። ስፌቱ መያዙን የምናውቀው እንዲህ ነው" አለችኝ።

"ቢፈስስ?" አልኩ።

"ቢፈስም የእሱ ነሽ። ጠጪ!" አለችኝ ጥሩወርቅ።

ጠጣሁ። አንሶላውን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ደገምኩ። አሁንም ደረቅ ነው። ብነሳስ? ፈራሁ። ተነሳሁ፤ እግሬ ላይ ምንም የለም። እንደገና ጠጣሁ። ቆይቶ ከእንብርቴ በታች አንድ ነገር ጫን አለኝ። ስፌቱ ተፈታ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ድሮ የማውቀው ስሜት መሆኑ ትዝ አለኝ። "ሽንቴ መጣ! ሽንቴ መጣ!" ብዬ ጮህኩ። ሳቁ፣ ወገኖቼ፣ ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሽንት ቤት እስክደርስ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ክብር ለእርሱ ይሁን! ቀድማ እልል ያለችው ጥሩወርቅ ናት። እሷ ገና እየታከመች ነው፤ ጸልዩላት።

ዛሬ ማርቆስ ገበያ እወጣለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ተጠግቶኝ ይቀመጣል። ተመስገን!

ምናልባት ወንበር አረጥባለሁ ብላ በር ላይ የቆመች እህት ትኖር ይሆናል። ስም አልጠራም፤ ዞሬም አላይሽም። ጌታ አልተጠየፈሽም፤ እመኚው። ሐኪም ቤትም ነገ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያው አጠገቤ ቦታ አለ፤ ነይ ተቀመጪ። ቀሚሴን ብታረጥቢው ይታጠባል።