ዓይናቸው ሆኜ የዞርኩት ተራራ

ሰኔ ሲገባ ከሻንጣዬ አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ ይወጣል። የጆሃንስበርግ ሰኔ ክረምት ነው፣ ቀልድ አያውቅም፤ ጀፕ ሰፈር ያለው ሱቄ ፀሐይ የሚያየው ከረፈደ ነው፤ እስከዚያ የሲሚንቶው ብርድ እግሬን ይበላኛል። ካልሲውን ሳጠልቀው የበግ ሽታው ይመጣል፤ ከሽታው ጋር ግሪክ ትመጣለች። ያኔ ደንበኛ በዙሉኛ "ሳውቦና ማማ" ብሎ ሰላም ቢለኝ እንኳ ቶሎ አልሰማውም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አቴንስ ውስጥ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙም በረዶ ሳይጥል ጨርሶ እንደሚጠፋ ነግሯቸዋል። ልጃቸው መኪና እንዳይነዱ ለምኗቸው እሺ ብለውት ነበር። እሺታቸው የቆየው እሱ በሩን ዘግቶ እስኪወጣ ነው። በወጣትነታቸው ያስተማሩባቸውን አራት የተራራ መንደሮች ሳይጨልምባቸው አንድ ጊዜ ማየት ፈለጉ። ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ አያለሁ። ግሪክኛዬ ገና የጓዳ ነበር፤ "ቀኝ"፣ "ግራ"፣ "ፍየል" ማለት ግን አያቅተኝም። "ገደል" የሚለውን ቃል የተማርኩት እዚያው ገደሉ አፍ ላይ ነው። መንገዱ ኮረኮንች፣ ጠመዝማዛውም ማለቂያ የሌለው ነበር፤ በመስኮቱ የጥድና ፀሐይ ያቃጠለው ቅጠል ሽታ ይገባል። በየመታጠፊያው እመብርሃንን ስጠራ እሳቸው ያፏጫሉ። ዛሬ ከከተማው ውጭ ኦሬንጅ ፋርም ድረስ እየነዳሁ ዕቃ ሳደርስ ታክሲዎቹ ሲጋፉኝ ባለመፍራቴ የሚገረሙ አሉ። የእሳቸውን ያህል ደፋር ሴት እስከ ዛሬ አላየሁም። እየፈራሁ ነበር የምወዳቸው።

በመጀመሪያው መንደር ጥላ ሥር ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች የመምህርቷን ድምፅ ሲሰሙ ካርታውን ጥለው ብድግ አሉ። ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ፀጉራቸው ነጥቷል፤ ግን እንደ ልጅ ቀጥ ብለው ቆሙ። መምህርቷ እያንዳንዱን ፊቱ ድረስ ተጠግተው አይተው በስሙ ጠሩት።

በሁለተኛው መንደር ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ሄድኩ። እንዳገሬ ወግ ጫማዬን ደጅ አውልቄ ገባሁ። እነሱ ለካ አያወልቁም። ስወጣ የመንደሩ ሴቶች ተሰብስበው እግሬን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ ጫማዬ ልኬ ያልሆነ፣ የቆሰልኩ መስሏቸዋል። አንዷ ቤቷ ሮጣ በእጇ የሠራችውን ካልሲ አምጥታ ተንበርክካ አጠለቀችልኝ። መምህርቷ ነገሩን ሊያስረዱልኝ ቢሞክሩ ሳቁ አላናግር አላቸው።

ሦስተኛውንም አዩ። አራተኛው ጋ ለመድረስ አንድ ዳገት ሲቀረን መኪናዋን ቀስ ብለው ዳር አስያዙና ሞተሩን አጠፉ። 

"ልጄ፣ መንገዱ አይታየኝም" አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ በእግር ወጣን። መንደሩ ሰው አልነበረበትም፤ የሚሰማው የምንጭ ውኃ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ክንዴን ጨበጡኝና "ንገሪኝ" አሉ።

በረንዳው ላይ በለስ መብቀሉን ነገርኳቸው። በሩ ሰማያዊ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ፈገግ አሉ። ቀና ስል ጣሪያው የለም። ወራጁ ተሰባብሮ የልጆቹ ወንበሮች ላይ ተኝቷል። "ፈርሷል" የሚለውን ቃል በግሪክኛ አውቀው ነበር፤ አንጀቴ ግን እምቢ አለኝ። ያን ሁሉ ገደል የወጡት ይህን ሊያዩ ነው? እሳቸው በማያውቁት አማርኛ ቀጠልኩ። ጣሪያው መውደቁን፣ ሰሌዳው ላይ ዝናብ መውረዱን፣ አንዲት ወፍ ጎጆዋን መሥራቷን፣ አንድም ሳላስቀር በአማርኛ ነገርኳቸው። ደስ የሚል ነገር የምነግራቸው ለመምሰል ሞከርኩ።

አላቋረጡኝም። ስጨርስ ከክፍሉ ውስጥ ወደሚመጣው ነፋስ ፊታቸውን አዞሩ።

"የወደቀው ጣሪያው ብቻ ነው?" አሉ። "ወይስ ግድግዳውም?"

"ግድግዳው አለ" አልኳቸው በግሪክኛ።

"እንግዲያው ወስደሽ አስነኪኝ።"