የመገርሳ ቀይ መኪና

መገርሳ ኢዶሳ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር የሚኖር ሾፌር ነበር። የራሱ ላንድሮቨር ነበረው። በበጋ ወደ አርጆ፣ ወደ ጊምቢና ወደ ጊዳ አያና ሰው ይጭናል፤ ክረምት ገብቶ ሌላው መኪና ሁሉ ሲቆም እሱ ጎማው ላይ ሰንሰለት አስሮ ጭቃውን እየቀደደ ይሄዳል። በሽተኛ ያለበትም፣ ለቅሶ የሚደርስም «ኦቦ መገርሳን ጥሩልኝ» ይል ነበር። ሚስቱ ድርቤ፣ ትልቋ ልጁ ቀለሟና ሁለቱ ታናናሾቿ ጠግበው የሚያድሩት በዚያ መኪና ነው።

አንድ ምኞት ግን በሆዱ ይዞ ኖሯል። ወጣት ሳለ የሰው የቡና ካሚዮን ይነዳ ነበር። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ትናንሽ መኪኖች አቧራ አልብሰውት ያልፋሉ። ዕድሜ ልኩን፣ ቀድሞ እንጂ ተቀድሞ የማይውልበትን አንድ ቀን ይመኝ ነበር፤ ይህንንም ለድርቤ እንኳ አልነገራትም።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ የላንድሮቨሩን ሞተር ሊያሳድስ አዲስ አበባ ሄደ። ጋራዡ ውስጥ መሬት ለመሬት የምትሄድ የምትመስል፣ ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ቆማለች። ባለቤቷ ጣሊያናዊ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ነው። ለሥራ ወደ ቦረና ሊወርድ ስለነበር ጠንካራ መኪና ፈልጓል። መገርሳን በደብረ ዘይት መንገድ አንድ ጊዜ አስነዳው። መገርሳ ሲመለስ ሞተሩን ሳያጠፋ እንለዋወጥ አለው። የጋራዡ ሰዎች ይህች መኪና ኮረት አትችልም፣ ዕቃዋም ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው ብለው መከሩት። አልሰማቸውም። ላንድሮቨሩንና ቀይዋን መኪና ያለ ጭማሪ ራስ በራስ ተለዋወጡ።

እስከ አምቦ ድረስ እንደ ንፋስ በረረ። ከአምቦ ወዲያ አስፋልቱ አለቀ። ጌዶ ሳይደርስ አንድ ድንጋይ የመኪናዋን ሆድ መታው፤ የሞተሩ ዘይት መያዣ ተሰንጥቆ ዘይቱ በሙሉ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ነቀምቴ የገባችው በካሚዮን ተጎትታ ነው።

ድርቤ ደጅ ወጥታ መኪናዋን ዞራ አየቻት።

«ስንት ሰው ትጭናለች?» አለች።

«አንድ።»

ዞራ ወደ ቤት ገባች። እሱ ግን ለሠርግ እንደሚያከራያት፣ በወለጋ ምድር እንዲህ ባለ መኪና የተዳረች ሙሽራ እንደሌለች እያስረዳ ተከተላት።

ዘይት መያዣው ተበይዶ ሲያልቅ የአንድ ነጋዴ ልጅ ሠርግ ተገኘለት። ሙሽራዋን አስቀምጦ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ዘፋኙ ሁሉ እያጀበው ዳገቱን ቀስ ብሎ መውጣት ነበረበት። መኪናዋ ለሩጫ እንጂ ለዝግታ አልተሠራችም፤ ውሃዋ ፈላ፣ እንፋሎቱ እንደ ጭስ ተነሣ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ለሠርግ የጠራው ሰው የለም።

የመኪናዋ ጣጣ በዚህ አላበቃም። ከበርሜል የሚቀዳው ቤንዚን ውሃ ይገባበታል፤ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅሉት ሁለቱ ካርቡራተሮቿ ደግሞ ጥቂት ቆሻሻ ከቀመሱ አብረው አይሠሩም። እነሱን የሚያስማማ ሰው ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው። ጎማ ቢፈነዳ ልኳ ከነቀምቴ እስከ አምቦ አይገኝም። ፍሪሲዮኗ ሲያልቅ አዲሱ ከአስመራ እስኪመጣ ወራት አለፉ። አንዱ ሲጠገን ሌላው ይሰበራል። መጀመሪያ ላሟ ተሸጠች፤ ቀጥሎ የድርቤ የጆሮ ወርቅ ሄደ፤ በመጨረሻ ከአባቱ የወረሰው የቡና መሬት ለወንድሙ አለፈ። ሽጣት ሲሉት፣ ቆማ እያለች ማን ይገዛታል፣ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የቀራት፣ ያ ዕቃ ከገባላት እሸጣታለሁ ይላል። ውሸቱን አልነበረም። ሁልጊዜ የቀረው አንድ ዕቃ ብቻ ይመስለው ነበር።

ቤቱ ውስጥ የሚበላ ሲጠፋ ቀለሟን ጊዳ አያና ወደምትኖረው እህቱ፣ ወደ ወርቂቱ ላኳት። እዚያ በቆሎው አለ፤ ትምህርት ቤትም ቅርብ ነው ተባለ። ልጅቷ ስትሄድ አላለቀሰችም። ድርቤ ያን ዕለት እንጀራ አልቀመሰችም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ተረፈ የሚባል ከጊዳ አያና የመጣ የጨው ነጋዴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ከደጃፋቸው ቆመ። እንደ ወጉ «አካም ቡልቴ» ብሎ እንኳ አዳራቸውን አልጠየቀም። ቀለሟ ትኩሳት ይዟታል፣ ወደ ቆላ ወርዳ ወባ ሳይለክፋት አልቀረም፣ አሁን ሰው አትለይም አለ።

ድርቤ ወደ ግቢው ጥግ ዞራ መኪናዋን አየች፤ ከዚያ ባሏን።

«መኪናህ የምትሄድ ከሆነ አሁን አስነሣት» አለችው።

ባትሪው ሞቷል። ጎረቤት ተጠርቶ ገፋ፤ ሦስቴ አስነጠሰችና ተነሣች። መገርሳ ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ ነዳ። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ጭቃው ውስጥ ገባች፤ ሆዷ መሬት ላይ ተኛ፣ የኋላ ጎማዎቿ በባዶ ዞሩ። ወርዶ በእጁ ቆፈረ። ቅጠል አነጠፈ፣ ድንጋይ ወሸቀ፣ ጋቢውን ከጎማው ሥር ከተተ። ሞተሩ ጮኸ እንጂ እሷ አልተነቃነቀችም። ከዚያ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ዝናቡ ላይ ጥሏት በእግሩ ሮጠ።

መንገድ ላይ ከአንድ ገበሬ በቅሎ ለመነ። ኡኬ አካባቢ ሲደርስ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ከፊት ለፊቱ ይመጣሉ። ቃሬዛው ላይ ያለችው ልጁ ነበረች፤ ወርቂቱ ከጎኗ እየሮጠች ፊቷን በነጠላ ትከልላለች። መገርሳ ከበቅሎዋ ወርዶ ትከሻውን ለቃሬዛው ሰጠ፤ ነቀምቴ ሆስፒታል እስኪደርሱም ሸክሙን ለማንም አልለቀቀም።

ቀለሟ ተረፈች። ዓይኗን ገልጣ እናቷን አወቀቻት፤ የሚጠሯትን ግን አልሰማችም። ትኩሳቱ ጆሮዋን ወስዶት ነበር። መገርሳ ሐኪሙን ለብቻው አግኝቶ፣ መኪና ኖሮ ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ትሰማ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው።

«አላውቅም» አለው ሐኪሙ። «ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

አዎ ቢለው ይሻለው ነበር። አዎ ቢባል አልቅሶ ይወጣለት ነበር፤ የለም ቢባልም ይጽናና ነበር። ያቺ «አላውቅም» ግን አብራው ተኛች፣ አብራው ተነሣች።

መኪናዋን በበሬ አስጎትተው አወጧት። ከአኖ የመጣ ብረት ቀጥቃጭ ቆርቆሮዋን ወሰደ፤ ሞተሯን የፈለገው ሰው አልነበረም። መገርሳ ወደ ሰው ካሚዮን ተመለሰ፤ አሠሪው ገብረኪዳን የሚባል የቡና ነጋዴ ነው። ድርቤ አንድም ቀን አልወቀሰችውም፤ ምግቡን ታቀርብለትና ዞር ትላለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ሲል ለጓደኞቹ ተናግሯል።

ከጉዞ በገባ ቁጥር ቀለሟ አጠገብ ይቀመጣል። ስሟን አይጠራም። የተቀመጠችበትን አግዳሚ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፤ እንጨቱ ሲነዝራት ቀና ብላ ታየዋለች።