እቴ ሰዓዳና የፈታዮቹ ማኅበር

የወንድሜ ልጅ ሐያት ለዒድ ከአዲስ አበባ ደሴ መጥታ ሰነበተች። ኮምፒውተሯን ይዛ ስለመጣች በበዓሉ ማግስት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች። አልፎ አልፎ ተነሥታ ወጡን ታማስልልኛለች፤ ተመልሳ ትጽፋለች። እንደ እሷ ከቤታቸው፣ በሚመቻቸው ሰዓት የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር እንዳቋቋሙና እሷን ሊቀመንበር አድርገው እንደመረጧት የነገረችኝ ሽንኩርት ስንልጥ ነው።

«ማኅበሩ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«አሠሪዎችን እናግባባለን፣ አክስቴ። ሰው ሥራውን ከሠራ የት ተቀምጦ እንደሠራው ምን ቸገራቸው?»

ይህን አባባል ድሮ በደርግ ጊዜ ከሌላ ሊቀመንበር አፍ ሰምቼዋለሁ። እሷ ግን ሥራዋ ስለጠራት ያን ቀን አልነገርኳትም።

ያኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። እናቴ የጥጥ ፈታዮች ማኅበር አባል ነበረች። ለማኅበሩ ማንበብና መጻፍ የሚችል ጸሐፊ ሲፈለግ እኔን ሰጠቻቸው። ሊቀመንበሯ እቴ ሰዓዳ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት። ሰው እንዲሰማቸው የፈለጉ እንደሆነ ይብሱን ዝቅ ያደርጉታል።

አሠራራቸው ቀላል ነበር። ጥጡ ከቆላ መጥቶ ኮምቦልቻ ይራገፋል። እሳቸውና እኔ በየቤቱ እናዳርሳለን። ሴቶቹ በየቤታቸው ፈትለው፣ የተጠቀለለውን ፈትል፣ ልቃቂቱን፣ ለገበያ ቀን ያመጣሉ፤ ሸማኔዎቹ ይረከባሉ። ክርስቲያኖቹ በበዓል ቀን እንዝርት አይነኩም። ሙስሊሞቹ ዓርብ ጁምዓ ሳይሰገድ አይፈትሉም። አንዷ አራስ ናት፤ አንዷ አማቷን ታስታምማለች። እቴ ሰዓዳ፣ «ሁሉንም በአንድ ሰዓት ቁጭ ላድርግ ብል ማንንም አላገኝ። ጥጡን ቤታቸው ባደርስላቸው ግን ሁሉም ይሠራሉ፣ ወላሂ» ይሉ ነበር።

ወደ ኮምቦልቻ የምንወርድበትን ጠዋት እወደው ነበር። ከደሴ ስንነሣ የጦሳ ተራራ ጉም ከተማው ላይ ተኝቶ፣ ጣታችን ደንዝዞ ነው። ሐረጎን ጠመዝማዛውን እየወረድን ስንሄድ አየሩ ይለሰልሳል፤ ነጠላችንን ከራሳችን ላይ እናወርዳለን። ቦርከና ወንዝ ዳር ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ሰው ይቀበለናል። እቴ ሰዓዳ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝተው ለሁለት ይሰብሩና ትልቁን ለእኔ ይሰጡኛል። ስለ ራሳቸው አያወሩም። ስለ ሴቶቹ ነው የሚያወሩት፤ የማን ልጅ ኩፍኝ እንደያዘው፣ የማን ጣራ እንደሚያፈስ።

ከአባሎቹ ሁሉ ልቤ ላይ የቀረችው አስካለ ናት። ደሴ ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ትኖር ነበር። ባሏ ጌታቸው በምሥራቁ ጦርነት ወገቡን ተመትቶ የተመለሰ ወታደር ነው፤ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። አስካለ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ትፈትላለች። እሱ ጋደም እንዳለ ፈትሉን ከእንዝርቱ ላይ እየሳበ ይጠቀልልና ልቃቂት ያደርገዋል። እጁ ጤነኛ ነበር፤ የሱ ልቃቂት እንደ ዕንቁላል የተስተካከለ ነው።

«በጦር ሠራዊት አሥር አለቃ ነበርኩ» ይለኝ ነበር። «ይኸው አሁን ጠቅላይ ሆንኩ።»

አስካለም፣ «ተወው፣ ሹመቱ ራሱ ላይ ወጥቶበታል» ትላለች። በየሰዓቱ ታገላብጠዋለች፤ ውሃ ታጠጣዋለች፤ ተመልሳ እንዝርቷን ታሾራለች።

አንድ የግንቦት ቀን ጓድ ታደለ የሚባል አዲስ ካድሬ መጣ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰላምታው ትሁት ነው፤ ቃሉ ግን አይታጠፍም። ስብሰባ ጠርቶ፣ ማኅበሩ ኮምቦልቻ በሚገኝ መጋዘን አንድ ላይ ሆኖ ይሠራል አለ። የደሴዎቹን ጠዋት የጭነት መኪና ያወርዳቸዋል፣ ማታ ይመልሳቸዋል። በየጓዳው ተበታትኖ የሚሠራ ሰው አይደራጅም፣ አይነቃም። ያልመጣች አባል ትሰረዛለች፤ የተሰረዘች ጥጥ አታገኝም።

እቴ ሰዓዳ ተነሡ። «ጓድ፣ ፈትሉ በጊዜው እየደረሰ ነው። ሸማኔ አጉረመረመ?»

«አላጉረመረመም፣ ጓድ ሰዓዳ።»

«እንግዲያ ሴትዮዋ የት ተቀምጣ እንደፈተለችው ምን ያስጨንቅዎታል?»

«መመሪያ ነው» አለ። «ሊቀመንበሯ ካልቻሉ የሚችል ሰው ይመረጣል።»

ከስብሰባው በኋላ እቴ ሰዓዳን ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸው። በራቸው ላይ ሲደርሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ዘሃራዬ፣ ወንበሩን ብለቅ የሚመጣው ሰው እነዚህን ሴቶች አያውቃቸውም። ለጊዜው እሺ እንበል። እኔ ውስጥ ሆኜ የቸገራትን አንድ በአንድ ከመጋዘኑ አስወጣለሁ።» የአመራር ብልሃት መሰለኝ። ዛሬም ሞኝነት ነበር ለማለት አልደፍርም።

በማግሥቱ አስካለ ቤት ሄድን። ነገሩን ሲነግሯት አስካለ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ጌታቸው ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሏል።

«እሱንስ ማን ያየዋል፣ እቴ ሰዓዳ?»

«ጎረቤት ቀን ቀን ብቅ ይበልለት። እስከ መስከረም ብቻ ነው። አብሽሪ፣ አንቺን ነው መጀመሪያ የማስወጣው።»

አስካለ ባሏን አየችው። ከዚያ፣ «እርስዎ ካሉ» አለች።

መጋዘኑ የቆርቆሮ ጣራ ነበረው፤ ቀን ይግላል፣ ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም። ሴቶቹ በረድፍ ይቀመጣሉ። ጠዋት ስም ይጠራል። አሮጊቷ እማማ ዘነቡ ስማቸው ሲጠራ፣ «አለሁ፣ ልጄ! ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የት ዋልሽ ያለኝ የለም፣ እንኳን ጠየቅኸኝ!» ብለው ሁሉን ያስቁ ነበር። ጓድ ታደለም ይስቅ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አስካለ፣ የፈተለችውን ማታ ይዛ ሄዳ ባሏ ጠቅልሎት ጠዋት እንድትመልሰው ጠየቀች። እጁ ሥራ ፈትቶ ጌታቸው ተለውጦባት ነበር፤ ቀልዱን ትቷል፣ ምሳውንም ሳይጨርስ ይመልሳል። ጓድ ታደለ የማኅበሩ ንብረት ከመጋዘን አይወጣም አለ። እቴ ሰዓዳ ወደ ውጭ ወስደው አነጋገሩት፤ ለመኑትም መሰለኝ። ሲመለሱ አስካለ ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ «ትንሽ ታገሺኝ» አሏት። 

ነሐሴ ላይ ዝናቡ በረታ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ ስንመለስ ሐረጎ ላይ አፈር ተንዶ መንገዱን ዘጋው። አፈሩ እስኪነሣ መኪናው ላይ ሸራ ተከናንበን ተቀመጥን። እማማ ዘነቡ ቆሎ አዞሩ። አስካለ እፍኟን ይዛ ሳትበላው ቆየች። ደሴ ስንገባ ሊመሽ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ከሩቅ ሰዎች በሯ ላይ ቆመው አየን። መኪናው ገና ሳይቆም ወረደች። ጎረቤቷ፣ ምሳውን ሲያቀርቡለት ደህና እንደነበረ፣ በኋላ ቡና ይዘውለት ሲገቡ አልፎ እንዳገኙት ነገሩን። ብቻውን ነበር።

አስካለ አልጮኸችም። ፊቱን ዳበሰችው፣ ከዚያ ጎረቤቷን፣ «ውሃ ጠይቆ ይሆን?» አለቻቸው።

ሴትዮዋ አያውቁም። ማንም አያውቅም። ወደ እቴ ሰዓዳ ዞራ፣ «ውሃ ጠይቆ ይሆን፣ እቴ?» አለች። እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ ሊያውቅ እንደሚገባው ሰው ነው የጠየቀቻቸው። 

የሰፈሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ ወጥቶ ቀበርነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነበር። ለቅሶው ካለፈ በኋላ እቴ ሰዓዳ መጋዘን ገቡ። ስም መጥራት ሊጀመር ሲል መሐል ቆሙና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የያዛችሁትን ጥጥ ያዙና ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ።

ጓድ ታደለ፣ «ጓድ ሰዓዳ፣ ምን ማለትዎ ነው?» አለ።

«ልጄ፣ ይህን ዛሬ ያደረግሁት ዘግይቼ ነው። የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሡ። እማማ ዘነቡ ሲያልፉ ቀልድ አልተናገሩም።

እቴ ሰዓዳን ቀበሌ ወስደው ለጥቂት ቀናት አስረው ለቀቋቸው። ማኅበሩ በዚያው ቀረ። እሳቸው ከዚያ ወዲያ ማንንም አልመሩም፤ የሴቶች ማኅበር ሲለምናቸውም እምቢ አሉ። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ አስካለ ቤት ሄደው በባዶው አልጋ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። አስካለ ትፈትላለች፣ እሳቸው ይጠቀልላሉ። ልቃቂታቸው ያን ያህል አያምርም ነበር። አንድም ቀን ስለዚያ ቀን ሲነጋገሩ አልሰማሁም። እቴ ሰዓዳ ሲሞቱ አስካለ እንደ ልጃቸው ሆና ለቅሶ ተቀመጠች።

ሐያት ከመሄዷ በፊት ባለው ቀን ስልክ ይዛ ስትከራከር ሰማኋት። ስትጨርስ ትንሽ ደስ ብሏት ነበር። አሠሪዎቹ ሠራተኞቹ ለጊዜው በሳምንት የተወሰነ ቀን ቢሮ እንዲገቡ ጠይቀው፣ ማኅበሩ በቀረው ቀን ከቤት መሥራቱን ላለማጣት ሊስማማ ነው።

«ከአባሎቻችሁ መውጣት የማይችል አለ?» አልኳት።

«ይኖር ይሆናል። ለጥቂት ወር ነው፣ አክስቴ።»

ያኔ የእቴ ሰዓዳን ነገር ነገርኳት። ሁሉንም አልነገርኳትም፤ የነገርኳት ስለ አስካለና ስለ ባሏ ነው።  ስጨርስ ስልኩን አንሥታ የአባሎቹን ስም እያየች ጣቷን ወደ ታች ስትጎትት ቆየች። እቴ ሰዓዳ ሴቶቹን ሁሉ በየቤታቸው ያውቋቸው ነበር፤ አውቀውም እንዲህ ሆነ።

«ከእነዚህ ስንቱን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። «በአካል?» አለች።